አጥር የገፋችው ባጃጅ

እኛ አስተያየት እንወዳለን። መስጠቱን ማለቴ ነው፤ መቀበሉን ለጊዜው እናቆየው። ስብሰባ ተቀምጣችሁ የምታውቁ ከሆነ፣ «ከእኔ በፊት የተናገሩት ሁሉንም ጨርሰውልኛል» ብሎ የተነሣ ሰው ከዚያ በኋላ ግማሽ ሰዓት እንደሚቆም ልነግራችሁ አያስፈልገኝም። ሐኪም ፊት ስንቀመጥ ስለ መድኃኒቱ፣ ለቅሶ ቤት ስንደርስ ስለ ድንኳኑ አተካከል፣ ሠርግ ቤት ስንጠራ ስለ ወጡ ጨው አስተያየት አለን። ጻፉት ስንባል ግን ነገሩ ይለወጣል። በየመሥሪያ ቤቱ በራፍ የምትሰቀለውን የአስተያየት መስጫ ሳጥን ታውቋታላችሁ፤ አንገቷ ላይ የዛገ ቁልፍ፣ አናቷ ላይ የዓመት አቧራ። አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ የነበረች ሳጥን በዚያች ቀጭን አፏ ንብ ገብቶባት ኖሮ፣ ሠራተኞቹ ከስንት ጊዜ በኋላ ሲከፍቷት ማር ቆረጡ። ከሕዝብ አስተያየት የሚጣፍጥ ነገር ሲገኝ የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

እኔ ራሴ አስተያየት ምን እንደሆነ የገባኝ ባጃጅ ከሠራሁ በኋላ ነው። ባጃጅ ስላችሁ የብረቷን እንዳትጠብቁ። የእኔዋ ጭስ የላት፣ ጎማ የላት፣ ነዳጅ አትጠጣም፤ ኮምፒውተር ውስጥ ነው የምትሄደው። ግን አጥር ነቀለች። እውነተኛ አጥር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ደብረ ማርቆስ ውስጥ፣ ከገበያው በላይ ከአስፋልቱ ዳር፣ ዘሃራ የምትባል ሴት የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ነበራት። አባቷ ጨርቅ ሲነግዱበት የኖሩትን ሱቅ ተረክባ፣ ከፊት ለፊቱ የፎቶ ኮፒ ማሽን፣ ከውስጥ በኩል ስምንት ኮምፒውተር ደርድራበታለች። እኔ ጥግ ተሰጥቶኝ የተበላሸ ኮምፒውተር እጠግን ነበር። እንየው እባላለሁ። በዚያን ዘመን ኮምፒውተሩ አልነሣ ያለው የከተማው ሰው ሁሉ ስሜን ይጠራል፤ ሲነሣለት ይረሳዋል። ባጃጅ ከተማችንን አዲስ የወረረበት ጊዜ ነው።

አንድ ቀን ከኢንተርኔት ላይ አንድ የመኪና መንዳት ጨዋታ አወረድሁ። ይህ ጨዋታ ከሌሎቹ የሚለየው ባለቤት የሌለው መሆኑ ነው። ወይም ባለቤቱ ብዙ መሆኑ። ኦፕን ሶርስ ይሉታል። በየአገሩ ያሉ፣ ተያይተው የማያውቁ ሰዎች፣ የእኛ ገበሬዎች በወንፈል እንደሚያርሱት፣ አንዱ መኪናውን፣ አንዱ መንገዱን፣ ሌላው ዝናቡን እየሠሩ ያዋጡበታል። አሠራሩ አይደበቅም፤ የፈለገ ገብቶ ያየዋል፣ የመሰለውን ይለውጣል፣ የራሱን ይጨምራል። ጭማሪውን ሞድ ብለው ይጠሩታል። ጨዋታው ውስጥ የከተማ መኪና አለ፣ የጭነት መኪና አለ፣ በረዶ ላይ የሚንሸራተት እንኳ አለ። ባጃጅ የለም። ይህ ቅር አሰኘኝ። ለመላው ዓለም የሚሆን ድግስ ተደግሶ የእኛ ሰፈር ሰው ሳይጠራ የቀረ መሰለኝ።

ሁለት ወር ፈጀብኝ። ባጃጇን ብቻ ሳይሆን የምትሄድበትንም ከተማ ላስገባ ብዬ ከሥራ በኋላ ወረቀትና እስክርቢቶ ይዤ መንገዶቻችንን በእርምጃ እለካ ጀመር። ወረቀት ይዞ እየቆጠረ የሚራመድ ሰው በእኛ አገር የማዘጋጃ ቤት ሰው ነው። አንዲት ሴትዮ «መንገዱ መቼ ይሠራል?» አሉኝ። «እየሠራሁት ነው» አልኳቸው፤ አልዋሸሁም። አንድ ሰውዬ ደግሞ ቤታቸውን ከልኬቱ እንዳወጣላቸው ለምነው ወተት ጋበዙኝ። ወተቱን ጠጣሁ፣ ቤቱንም አወጣሁ። ጨዋታው ውስጥ እሳቸው ግቢ ላይ ያለው ሣር ብቻ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ተጫዋቾች እነማን ቢሆኑ ጥሩ ነው? የባጃጅ ነጂዎች። ቀኑን ሙሉ ባጃጅ ሲነዳ የዋለ ሰው ወገቡን ለማሳረፍ ቁጭ ብሎ ባጃጅ ሲነዳ በዓይኔ አይቻለሁ። ከሁሉም የባሰበት ስማቸው የሚባል፣ ረጅም፣ ድምፁ ከቁመቱ የሚረዝም ጎልማሳ ነበር። እውነተኛዋን ባጃጁን ደጅ አቁሞ ይገባል። ተሳፋሪ ውጭ ቆሞ ሲጣራ፣ ዓይኑን ከኮምፒውተሩ መስኮት ሳያነሣ፣ «አንድ ጊዜ ጠብቁኝ፣ ሰው ጭኛለሁ!» ይላል።

ታዲያ ሁሉም እየነዱ ይጮሁብኝ ነበር። ፍሬኑ ዘገየ፣ ዳገቱ በዛ፣ አሸዋ የተደፋበት ቦታ የታለ? ፎቶ ኮፒ የሚያስነሣው ደንበኛ በጩኸቱ ሲሳቀቅ ያየችው ዘሃራ አንድ ቀን ከመደርደሪያው ባለ መቶ ገጽ ደብተር አውርዳ፣ እስክርቢቶ በሲባጎ አስራ፣ ጠረጴዛው ላይ ጣለችው። «አፋችሁን ዝጉና ጻፉት!»

ጻፉት። ያን ሳጥን ስንት ዓመት ያስራበ ሕዝብ ደብተር ሲያገኝ እንዴት እንደሚጽፍ ማየት ነበረባችሁ። «ከኋላ ሦስት ሰው ብቻ ጭኖ የሚሄድ ባጃጅ እኔ ደብረ ማርቆስ ውስጥ አላየሁም፤ ይታረም።» «የጥሩምባው ድምፅ የአውቶቡስ ነው።» «ዝናብ ሲዘንብ ሸራው አይወርድም፤ ተሳፋሪው በሰበሰ።» አንዲት ፎቶ ኮፒ ልታስነሣ የመጣች መንገደኛ ቆማ ስታይ ቆይታ፣ «ነጂው ቤተ ክርስቲያኑን ሲያልፍ አይሳለምም። ምን ዓይነት ልጅ ነው?» ብላ ጽፋ ሄደች። እውነቷን ነው፤ በበነጋው ነጂው በቤተ ክርስቲያኑ በር ሲያልፍ ፍጥነቱን ቀንሶ አንገቱን እንዲሰብር አደረግሁ። ዘሃራ አየችና «መስጊዱ ጋስ?» አለች። መስጊዱ ጋ ደግሞ በሶላት ሰዓት ጥሩምባው ዝም እንዲል ሆነ። ስማቸው የጻፈው ግን ከሁሉም አሳቀኝ፤ «አህዮቹ ጥሩምባ ሲሰሙ ከመንገድ ይወርዳሉ። የየት አገር አህያ ነው?» አህዮቹን አስተካከልኳቸው። ከዚያ ወዲያ ጥሩምባ ቢነፋ፣ ባጃጅ ቢደረደር፣ ንቅንቅ የለም።

ሥራዬን ለጨዋታው ሰዎችም ላክሁላቸው። ከሩቅ አገር አንድ ትሑት ሰው፣ ያዋጡትን ሁሉ የሚመረምረው እሱ ኖሮ፣ አመሰገነኝና አንድ ስህተት እንዳገኘ ጻፈልኝ፤ አህዮቹ ጥሩምባ አይሰሙም። «ይሰማሉ» ብዬ መለስኩለት። «አይወርዱም እንጂ።» በሦስተኛው ቀን «ተቀብያለሁ» ብሎ ባጃጇን ከነአህዮቿ አስገባት። ያን ዕለት እንደ እኔ የኮራ ሰው በጎጃም ምድር አልነበረም።

ኩራት ያስቀጣል። ወደዚያው እየመጣሁ ነው።

ከዘሃራ ቤት ትይዩ ወደ ውስጥ የምትገባ አንዲት ቅያስ አለች። ስትጀምር ደህና ናት፤ መሃል ላይ ስትደርስ የእትየ የሺ አጥር ሆዱን ነፍቶ ይወጣባታል፤ ከዚያ እንደገና ሰፋ ብላ ሄዳ አያ ፈንቴ በር ላይ ትቆማለች። እትየ የሺ ባላቸው የሞተባቸው፣ በርበሬና ቅመም ነግደው ልጆቻቸውን ያሳደጉ፣ አንደበታቸው እንደ ሸቀጣቸው የሚያቃጥል ሴት ናቸው። እናቴ ታማ ሆስፒታል በከረመችበት ወራት ምሳዬን ያበሉኝ እሳቸው ነበሩ። አያ ፈንቴ ደግሞ የእህል ነጋዴ ናቸው፤ ባጃጅ ደጃቸው ስለማይገባ ስንቱን ኩንታል ከአስፋልቱ እስከ በራቸው በሰው ጀርባ ሲያስጭኑ ኖረዋል። የሺ ድንበር ገፍታ መንገድ ዘጋች ይላሉ እሳቸው። አጥሩ ሟች ባሌ በተከለበት ነው ያለው ይላሉ እትየ የሺ። በዚህ የተነሣ ሁለቱ ቤቶች ከተዘጋጉ ስንት ዓመታቸው ነው።

እኔ አጥሩን የለካሁት እንዳለ ነው። ሆዱን ጭምር። እናም በጨዋታዬ ውስጥ ወደዚያች ቅያስ የገባች ባጃጅ ሁሉ አጥሩ ላይ ተወትፋ ትቀራለች። እውነተኞቹ ነጂዎች በእውኑ እንደማይገቡ እያወቁ በጨዋታው ግን ካልገባን አሉ። ደብተሩ በዚያች ቅያስ ተሞላ። «ትጣበቃለች።» «አሁንም ትጣበቃለች።» «ወርዶ መግፋት ይጨመርልን።» እንዲያውም መግፋት ጨመርኩላቸው፤ ተሳፋሪዎቹ ወርደው ከኋላ ይገፋሉ። አሁንም ትጣበቃለች። ሰባተኛው አስተያየት የስማቸው ነበር። «እንየው፣ ባጃጄን እዚያ ጥያት መጥቻለሁ። አንተ አምጣት።»

ሰለቸኝ። አንድ ከሰዓት በኋላ ቁጭ አልኩና፣ አጥሩን በማውሱ ጫፍ ይዤ ሁለት ክንድ ያህል ወደ ግቢው ገፋሁት። ችካል አልተነቀለ፣ ውሻ አልጮኸ። በበነጋው ደብተሩ ላይ «ተመስገን!» የሚል ተጽፎ አገኘሁ። ሕዝብ ጠየቀ፣ መልስ ተሰጠ። ከዚህ የበለጠ መልካም አስተዳደር ከየት ይመጣል?

ሳምንት እንኳ ሳይሞላ አያ ፈንቴ የልጃቸውን የሠርግ መጥሪያ ሊያስተይቡ ዘሃራ ቤት መጡ። ሠርጉ ለጥር ነው፤ ልጅቱ የመጀመሪያቸው ናት። ዘሃራ እየጻፈች እሳቸው ቆመው ሲጠብቁ ዓይናቸው ወደ ውስጥ ዞረ። ስማቸው ያቺን ቅያስ እያቋረጠ ነበር። አያ ፈንቴ ቀስ ብለው ቀረቡ። ባጃጇ በእትየ የሺ አጥር ሥር ሽው ብላ አልፋ አያ ፈንቴ ቆርቆሮ በር ላይ ቆመች።

«ይህች የእኔ በር አይደለችም?»

«የእርስዎ ናት አያ ፈንቴ» አለ ስማቸው በደስታ።

«ይህን ማን ለካው?»

«እንየው ነዋ! ከተማውን ሁሉ በእርምጃ ቆጥሮ ነው ያስገባው። ስንዝር አይሳሳትም።»

እኔ በዚያን ሰዓት ጠረጴዛ ሥር ተጋድሜ ገመድ እየቀጠልኩ ነበር። ሁሉንም ሰምቻለሁ። ወጥቼ «ይህችኛዋ እንኳ የተለካች አይደለችም» ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ስንዝር አይሳሳትም መባሉ ጣፍጦኝ ነበር። ጠረጴዛ ሥር ተኝቶ መመስገን ደግሞ ሌላ ጣዕም አለው።

አያ ፈንቴ መጥሪያውን ሳይቀበሉ ወጡ። በሦስተኛው ቀን ሰፈሩ ሁሉ አንድ ነገር ይላል፤ የየሺ ድንበር ገፊነት በኮምፒውተር ተረጋገጠ፤ እውነተኛው ድንበር ከአጥሩ ወደ ውስጥ ነው። ኮምፒውተር ካለ አለ ነው በዚያን ጊዜ። ሰው ያለውን ሰው ይክደዋል፤ ወረቀት ያለውንም ፎርጅድ ነው ይሉታል። በመስኮት የሚበራውን ግን ማን ይደፍረዋል? ሠርግ ስለደረሰም ነገሩ ወደ ሽማግሌ ሄደ። አያ ፈንቴ አጥሩ እንዲፈርስ፣ ካልሆነም ማስረጃቸውን ይዘው ክስ እንደሚመሠርቱ ተናገሩ።

ድንበር ገፊ መባል በእኛ አገር ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። ሌባ የተባለ ሰው ይስቃል፤ ድንበር ገፊ የተባለ እንቅልፍ ያጣል።

እትየ የሺን ከገበያ ሲመለሱ መንገድ ላይ አገኘኋቸው። የበርበሬውን ጆንያ አሸክመው ከኋላ ኋላ ይከተላሉ፤ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው በዝግታ ነው የሚሄዱት። ቆሙ። ይቆጡኛል ብዬ ተዘጋጀሁ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

«እንየው፣ አጥሬን ስትለካ ምነው ቤት ሳትገባ ሄድህ?» አሉኝ። «ውሃ እንኳ ሳልሰጥህ።»

ይህን ብለው ሄዱ።

ሽማግሌዎቹ እሁድ ከሰዓት ተቀመጡ። ማስረጃውን ተሸክሞ ወደ ሽማግሌ መውሰድ ስላልተቻለ ሽማግሌው ወደ ማስረጃው መጣ። ዘሃራ ተጫዋቹን ሁሉ አስወጥታ ወንበር ደረደረች፤ ስማቸውን ብቻ ለነጂነት አስቀረችው፤ እሱም ለክብሩ ሸሚዝ ቀይሮ መጥቷል። በሽማግሌዎቹ መሃል የተቀመጡት የቅኔ መምህሩ የኔታ ይትባረክ ናቸው፤ በቀኝ እጃቸው ጭራ፣ በግራቸው መቋሚያ። ግራና ቀኝ ሁለት ሽማግሌዎች። አያ ፈንቴ በአንድ ጎን፣ እትየ የሺ ነጠላቸውን አፋቸው ድረስ ስበው በሌላው ጎን። እኔ በሩ አጠገብ ቆሜያለሁ፤ ለመሸሽ እንዲመቸኝ ሳይሆን አይቀርም።

ስማቸው አስነሣ። የኔታ መጀመሪያ ምን እንደሚያዩ አልገባቸውም ነበር፤ ሲገባቸው ግን ወደ ፊት ተጠጉ። «ቀስ በል እንጂ አንተ፣ ገበያ ውስጥ ሰው አለ!» አሉ። ባጃጇ በቤተ ክርስቲያኑ በር ስታልፍ የመስኮቱ ነጂ አንገቱን ሰበረ፤ የኔታም ከወንበራቸው ብድግ ብለው ተሳለሙ። ሁለቱ ሽማግሌዎችም ተከተሏቸው። ስማቸው ፍሬን ይዞ ጠበቃቸው። ከተቀመጡ በኋላ ቀጠለና ወደ ቅያሷ ታጠፈ። የእትየ የሺ አጥር ከፊታችን ብቅ አለ። አያ ፈንቴ ጣታቸውን ቀሰሩ።

«ይኸው! ይመልከቱ የኔታ...»

መብራት ጠፋ።

ስምንቱም መስኮት አንድ ላይ ጨለመ። ምስክራችን ቃሉን ሳይጨርስ አረፈ። ከበሩ በሚገባው ብርሃን እትየ የሺ ብቻ ይታዩኛል። ሌሎቹ የጨለመውን መስኮት ያያሉ። እሳቸው ጉልበታቸውን እያሹ መሬት መሬቱን ያያሉ። ያች ባጃጅ እየሄደች ቢሆን ኖሮ እኔም እሷን አይ ነበር። አሁን ከእሳቸው ሌላ የማየው ጠፋ።

«የኔታ» አልኩ። «ያ ያዩት አጥር የተለካው አይደለም። መጀመሪያ ስለካው እንዳለ ነበር ያስገባሁት። ባጃጇ ስትጣበቅባቸው ልጆቹ ጻፉብኝ፤ ሁለት ክንድ ወደ ውስጥ የገፋሁት እኔ ነኝ። እትየ የሺ ምንም አልገፉም።»

«ማን ጻፈብህ?» አሉ የኔታ።

ዘሃራ ደብተሩን ይዛ ወደ በሩ ብርሃን ወጣችና ማንበብ ጀመረች። ትጣበቃለች። አሁንም ትጣበቃለች። ወርዶ መግፋት ይጨመርልን። አንደኛው ሽማግሌ መሳቅ ጀመሩ። ስማቸው ስለ ቀረችው ባጃጁ የጻፈው ሲነበብ እሱ ራሱ አንገቱን ደፋ። ይህ ሲነበብ መብራቱ ተመለሰ። ኮምፒውተሩ ሲነሣ ሁሉም እያዩ አጥሩን ወደ ቦታው መለስኩት፤ ስማቸውም ነዳ፤ ባጃጇም ሄዳ ውትፍ አለች። ሦስት ተሳፋሪዎች ወርደው ይገፏት ጀመር። አትነቃነቅም።

የኔታ ጭራቸውን ወደ መስኮቱ ቀስረው፣ «እንግዲህ እኔ እዚህ ያየሁት ባጃጅ ገፊ ነው እንጂ ድንበር ገፊ አይደለም» አሉ። ቤቱ በሳቅ ሞላ። ጭራው ዞሮ ወደ እኔ መጣ። «አንድ ድንበር ገፊ ግን አልጠፋም። ያውም ወይ እርፍ ሳይጨብጥ፣ ወይ ዶማ ሳያነሣ።»

የባሰ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ምን ላድርግ?

አያ ፈንቴ ግን አልሳቁም። ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆሙ፤ ፊታቸው እንደ ቀላ በርበሬ ነው። «እትየ የሺ፣ አፉ ይበሉኝ» አሉ። «የልጅ ሠርግ ደርሶብኝ ነው። ሙሽራ በዚያ አቧራ በእግሯ ስትወጣ እየታየኝ ነው።»

እትየ የሺ ወደ እኔ ዞሩ።

«እስቲ እንደገና ግፋው።»

«ምኑን እትየ?»

«አጥሩን ነዋ!»

ገፋሁት። ስማቸውን «ንዳው» አሉት። ነዳ። ባጃጇ አልፋ አያ ፈንቴ በር ደረሰች። «የእኔ በር ጋስ ይቆማል?» አሉ እትየ የሺ። ስማቸው ተመለሰና እሳቸው በር ላይ አቆመላቸው። ከወንበራቸው ተነሥተው ጠጋ ብለው አዩት። እኔም ያን ጊዜ ገባኝ፤ ከገበያ ሲመለሱ ከአስፋልቱ እስከ በራቸው ያለውን መንገድ ነበር በዓይናቸው የሚለኩት።

«ከነጆንያዬ እዚህ ድረስ ያመጣኛል?»

«እስከ ደጃፍዎ እትየ» አለ ስማቸው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ነጠላቸውን ከአፋቸው ላይ አወረዱት። «ይህን ሁሉ ዓመት ገፋሽ ገፋሽ አሉኝ» አሉ። «ጠበበን እባክሽ ያለኝ አንድ ሰው የለም። ብትለምኑኝ ምን እል ነበር? ሟቹም ቢሆን ለጎረቤት ሁለት ክንድ የሚሰስት ሰው አልነበረም።» አያ ፈንቴ እግራቸው ላይ ሊወድቁ ሲሉ ሁለቱ ሽማግሌዎች ደገፏቸው። የኔታ አስታረቁ፣ መረቁ፣ ተጠናቀቀ። እኛ ልንነሣ ስንል እትየ የሺ ጣታቸውን መስኮቱ ላይ አሳረፉ።

«አንተ ግን፣ የእኔ በር አረንጓዴ አይደለም ወይ? ይህን ቡናማ ቀለም ከየት አመጣኸው?»

ዘሃራ ደብተሩን ከፈተችና ጻፈችው።

ሰኞ ዕለት ችካሎቹን የነቀሉት አያ ፈንቴ ራሳቸው ነበሩ፤ እትየ የሺ በርጩማ አውጥተው ተቀምጠው «ወደዚህ፣ ወደዚያ» እያሉ አዘዟቸው። በዚያች ግማሽ ቀን ውስጥ የስንት ዓመት ወሬ ተወራ መሰላችሁ። ጥር ደርሶ የሙሽሪት መኪና ሲመጣ ግን ሌላ ነገር ታየ፤ ሁለት ክንድ ለባጃጅ እንጂ ለመኪና አይበቃም። ማንም አላሰበውም ነበር፤ ሁላችንም ያየነው ባጃጅ ነዋ። መኪናው አስፋልት ላይ ቆመ፣ ሚዜዎቹ ተደናገጡ። ስማቸው ግን አልተደናገጠም። ባጃጁን አበባ በአበባ አድርጎ፣ ክራባት አስሮ፣ ከእትየ የሺ በር አጠገብ ቆሞ ሲጠብቅ ነበር። ሙሽሪት ከነቬሎዋ ገባች፤ ቬሎው ከግራም ከቀኝም ፈሶ ወጣ፤ እትየ የሺ አንዱን ጫፍ፣ የሙሽሪት እናት ሌላውን ጫፍ ይዘው ከባጃጇ ኋላ ኋላ ሲራመዱ አጀቡ እልልታውን አቀለጠው። በዚያች ቅያስ አልተጣበቀችም። አየኋት፤ ሽው ብላ ነው ያለፈችው።

እዚህ ላይ ብጨርስ ደስ ባለኝ። ግን ሠርጉ ካለፈ ሦስት ሳምንት እንኳ ሳይሞላ እትየ የሺ ዘሃራ ቤት መጥተው ፊት ለፊቴ ተቀመጡ።

«እንየው፣ ጆሮዬ ሊደነቁር ነው።»

ለካስ ቅያሷ ከተከፈተች ወዲህ የከተማው ባጃጅ ሁሉ መዞሪያ አድርጓት ኖሯል። ከማለዳ ጀምሮ ጲጲጲ። በራቸው ላይ ተሳፋሪ ይወርዳል፣ በራቸው ላይ ይሳፈራል፣ በራቸው ላይ በሂሳብ ይጣላል።

«አጥሩን ወደ ነበረበት ይመልሱታ» አልኳቸው።

«የሰጠሁትን ልነጥቅ? የማን ልጅ አደረግኸኝ!» ተቆጡ። ከዚያ ጠጋ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አንተ ግን እዚያ ውስጥ ትንሽ አጥብበው።»

«እትየ፣ ይኼኛውን ባጠብበው እኮ የደጁ አይጠብም።»

«የደጁስ ቢሆን የሰፋው ከዚህ ተነሥቶ አይደለም እንዴ?»

እሳቸው እያዩ አጥሩን በማውሱ ይዤ አንዲት ስንዝር ወደ መንገዱ መለስኩት። «ትንሽ ጨምር» አሉ። ጨመርኩ። «በቃ፣ እንዳትነካው» ብለው፣ መስኮቱን አንድ ጊዜ በዓይናቸው ገርመም አድርገው፣ ተደስተው ወጡ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመልሰው መጡ። በወረቀት የተጠቀለለ ነገር ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡ፤ ሚጥሚጣ ነው፣ ራሳቸው ያስፈጩት። «ቀነሰ እኮ!» አሉኝ። «ግማሽ በግማሽ ነው የቀነሰው። እጅህ ይባረክ የኔ ልጅ።» ግንባሬን ስመው ሄዱ።

ስማቸው ከወዲያኛው ወንበር፣ ዓይኑን ከጨዋታው ሳያነሣ፣ «ሁዳዴ ገባ አይደል?» አለ። «ሠርግ የለ፣ ድግስ የለ፣ ማን ይሳፈራል?»

ሰምቼዋለሁ። እትየ የሺ ገና ከበሩ አልራቁም ነበር፤ ብጠራቸው ይሰሙኝ ነበር። አልጠራኋቸውም። ወረቀቱን ፈትቼ ሚጥሚጣውን በጣቴ ጫፍ ቀመስኩና፣ ፋሲካ አልፎ የዳግማይ ትንሣኤ ሠርግ ሲጀመር ምን እንደምላቸው ማሰብ ጀመርኩ። ግሩም ሚጥሚጣ ነበር። ዓይኔን አስለቀሰኝ።